የማይበሰብስ ጀልባ እንዴት ይበሰብሳል?

ከሩቅ ሲያዩት እንከን የለውም። ነጩ ቀፎ ያበራል፤ የፊት መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ሞተሩም ቁልፍ ሲዞር ይነሣል። ሻጩ ዋጋውን ለምን እንዲህ እንዳወረደ የሚገባዎት ተሳፍረው ሲራመዱ ነው። ከመሪው ወንበር ኋላ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚረግጠው ቦታ፣ ወለሉ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ይሰምጣል፤ እግር ሲነሣ ደግሞ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ወንበሩን ሲነቀንቁት የታሰረበት ብሎን አብሮት ይወዛወዛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ ተሠርተው ዛሬ በየግቢው ተጎታች ላይ የቆሙ፣ ከ16 እስከ 20 ጫማ የሚረዝሙ ብዙ የሞተር ጀልባዎች ዕጣቸው ይኸው ነው።

እነዚህ ጀልባዎች የተሸጡት “ፋይበርግላስ አይበሰብስም” ተብሎ ነበር። አባባሉ ውሸት አይደለም። ፋይበርግላስ ማለት ከጸጉር የቀጠነ የመስታወት ክር በሬዚን ተነክሮ የደረቀ ነገር ነው፤ መስታወትን የሚበላ ሻጋታ የለም። ግን ጀልባው ፋይበርግላስ ብቻ አይደለም። ከወለሉ ንጣፍ ሥር፣ ከሞተሩ ማሰሪያ ኋላ፣ በቀፎው ሆድ ውስጥ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በተዘረጉት ተሸካሚዎች ልብ ውስጥ እንጨት አለ። ጀልባውን የሚገድለውም የዚያ እንጨት ሞት ነው።

የመስታወት ክር በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ በዚሁ ሥራ ላይ በ1938 ተቋቋመ። ሬይ ግሪን የተባለ ጀልባ ሠሪ በ1942 በኦሃዮ ግዛት ቶሌዶ ከተማ ከመስታወት ክርና ከፖሊስተር ሬዚን ትንሽ የሸራ ጀልባ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ሬዚኑ እየረከሰ፣ ቅርጽ ማውጫው እየተሻሻለ ሄደ። በ1959 ፔርሰን ትራይተን የተባለው ባለ 28 ጫማ የሸራ ጀልባ በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ሲቀርብ፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የራሱ ጀልባ ሊኖረው እንደሚችል ለብዙዎች ታያቸው። አንድ ቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ ከእሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀፎዎች ይወጣሉ፤ በእንጨት ጀልባ ዘመን እያንዳንዱን ሳንቃ ይጠርብ የነበረ አናጺ አያስፈልግም።

ታዲያ እንጨቱ ለምን ቀረ? መልሱ ግትርነት የሚባለው ነገር ነው። ፋይበርግላስ ሲጎትቱት በቀላሉ አይበጠስም፤ ሲጫኑት ግን ይለምጣል። ጣሪያ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ቆርቆሮውን ያለ ሞራሌ ዘርግቶ ላዩ ላይ የሚወጣ የለም። የጀልባ ሆድም በፍጥነት ሲሄድ ማዕበሉ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አንድ ሰሌዳ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ነገር ግን ሙሉ ቀፎውን በእጥፍ ማወፈር ክብደቱንም ዋጋውንም እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አምራቾች ርካሹን መንገድ መረጡ። ቀጭን ቀፎ ሠርተው በሆዱ ውስጥ በርዝመቱ ስትሪንገር የሚባሉ ተሸካሚዎችን ተከሉ፤ በላያቸው ኮምፖርሳቶ አነጠፉ፤ ሁሉንም በስስ ፋይበርግላስ ሸፈኑት። በትልልቆቹ ጀልባዎች የላይኛው ወለል ደግሞ በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል በተቀበረ የባልሳ እንጨት ይሠራል። ባልሳ እጅግ ቀላል እንጨት ነው፤ ዋነኛ ምንጩም ኢኳዶር ናት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የከዳው አሠራሩ ነው።

ቀፎው ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ሠራተኛው ወንበር ለማሰር ወለሉን በትራፓኖ ይበሳል፤ ብሎኑን ያስገባል፤ ቀዳዳውን የሚደፍን የለም። የኮምፖርሳቶው ጠርዝ በመጋዝ እንደተቆረጠ ሬዚን ሳይነካው ይቀራል። የዝናብ ውሃ ወደ ኋላ እንዲወርድ ስትሪንገሮቹ ግርጌ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የዚያ ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ ራቁቱን ያለ እንጨት ነው። ላዩ ላይ ምንጣፍ በሙጫ ይለጠፋል፤ ምንጣፉም ዝናብ በጣለ ቁጥር እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ይከርማል። ባለቤቱ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ነገር ያስራል፤ የዓሣ መንጠቆ መያዣ፣ ሬዲዮ፣ የኩባያ ማስቀመጫ። እያንዳንዱ ብሎን አንድ የውሃ በር ነው።

እዚህ ላይ ጣና ዳር የሚሠራው ታንኳ ትዝ ይለኛል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚያስሩት ታንኳ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃ ይጠጣል፤ ማንም አይጠጣም ብሎ አይከራከርም። ስለዚህ ከሐይቁ ሲመለስ ከውሃ ተጎትቶ ይወጣና በጭራው ይቆማል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል። ታንኳው ዕድሜው አጭር ነው፤ ግን የገባበት ውሃ የሚወጣበት መንገድ አለው። የፋይበርግላሱ ጀልባ የዚህ ተቃራኒ ነው። ውሃ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ከላይም ከታችም የማይተነፍስ ቆዳ ይዘጋበታል። እንጨቱን ከውሃ እንዲጠብቅ የተሠራው ሽፋን ራሱ ውሃውን ከእንጨቱ ጋር ቆልፎ ያኖራል። የዚህ ምዕራፍ የጥገና ሥራ ሁሉ ከዚህ ነጥብ ይነሣል፤ እንጨት መቀየር ቀላሉ ክፍል ነው፣ የውሃውን መንገድ መዝጋት ግን ዋናው ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ አይደለም፤ ፈንገስ ነው። የፈንገስ ዘር በአየር ላይ ሁሉ አለ። እንዲበቅል ምግብ፣ አየር፣ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ዘሩ ተኝቶ ይኖራል። ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ግን ይነቃል፤ የእንጨቱን ሴሉሎስ እየፈታ ይበላል። ቡናማ ብስባሴ የሚባለው ዓይነት ሴሉሎሱን ጨርሶ ሊግኒኑን ስለሚተው፣ እንጨቱ ጠቁሮ እንደ ከሰል በትንንሽ አራት ማዕዘን ይሰነጣጠቃል፤ በጣት ሲያሹት ይደቅቃል። ከዚህ የከፋው፣ ጥንካሬው የሚከዳው ገና ዓይን ምንም ሳያይ፣ ክብደቱም እምብዛም ሳይቀንስ መሆኑ ነው። በውሃ ውስጥ ለዘመናት የሰመጠ ግንድ አየር ስለማያገኝ አይበሰብስም፤ አንዴ የሚርስ አንዴ የሚደርቅ እንጨት ግን ለፈንገስ ድግስ ነው። ጨዋማ የባሕር ውሃ ፈንገስን በመጠኑ ይገታዋል። ስለዚህ ጀልባውን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ የሚሄድበት ባሕር ሳይሆን፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከሰማይ የሚወርድበት ንጹሕ ዝናብ ነው።

አሁን ጀልባውን እንመርምረው። የካቻቪቴን እጀታ ይዘው ወለሉን በየስንዝሩ ያንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ድምፁ የሚለወጥበትን መስመር በእርሳስ ያስምሩ፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ የወንበር ብሎኖችን ይዞራል። ጆሮ ግን ስትሪንገሩን አይደርስበትም፤ ለእሱ ትራፓኖ ያስፈልጋል። ከስትሪንገሩ ጎን፣ ዝቅ ካለ ቦታ፣ በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ ፋይበርግላሱን አልፈው እንጨቱን ይብሱና የሚወጣውን ፍቅፋቂ በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ። ደረቅና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ እንጨቱ ደኅና ነው። ጥቁር፣ እርጥብና የጭቃ ሽታ ያለው ከሆነ ሞቷል። አንዳንዴ ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ያኔ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም። ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳም እንዲሁ ይብሱት። ሞተሩን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲጫኑት ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያ ጀልባ ውሃ ላይ መውጣት የለበትም፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ ግድግዳውን ገንጥሎ ሊወርድ ይችላል። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ ልጆችም ስለሚሳፈሩ ነው።

ሁለት አቋራጮች ሰውን ያታልላሉ። አንደኛው በአሮጌው ወለል ላይ አዲስ ኮምፖርሳቶ መደረብ ነው። ሥራው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፤ ላዩ አልጋ ውስጡ ቀጋ እንደሚባለው ግን እርጥቡ እንጨት ከአዲሱ ሥር ሆኖ አዲሱን መብላት ይጀምራል። ሁለተኛው ወለሉን በመበሳሳት ኢፖክሲ የሚባለውን ሬዚን አቅጥኖ ማፍሰስ ነው። ኢፖክሲው በውሃ የተሞላ እንጨት ውስጥ አይሰርግም፤ ቢሰርግም ፈንገሱ በልቶ የጨረሰውን አይመልስም። ሁለቱንም አልመክርም። የበሰበሰው በሙሉ ይወጣል፤ ከበሰበሰው አልፎም ጤነኛ እንጨት እስኪታይ ይቆረጣል።

ከመቁረጥ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ እሱን የዘለለ ሰው የጀልባውን ቅርጽ ለዘላለም ያጣዋል። ስትሪንገሮቹ የቀፎው አከርካሪ ናቸው። ከወጡ በኋላ ቀጭኑ ቀፎ በተቀመጠበት ሁሉ ይጎብጣል፤ በጎበጠበት አዲስ ስትሪንገር ከተጣበቀ ጉብጠቱ ይጸናል። ያ ጀልባ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ተጎታቹን በውሃ ልክ አስተካክለው ቀፎውን ከሥር በብዙ ቦታ ይደግፉ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ኋላው ግድግዳ መሃል ሲባጎ ይወጥሩ፤ ከሲባጎው እስከ ቀፎው ያለውን ርቀት በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ለክተው ይጻፉ። የአሮጌውን ወለልና የስትሪንገሩን ከፍታም ይለኩ፤ ፎቶ ያንሡ። ስትሪንገሮቹን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይንቀሉ፤ አንዱ ተነቅሎ፣ ተተክቶ፣ ከጠነከረ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል።

ወለሉ ሲቆረጥ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከንፈር ይተዋል፤ አዲሱ ወለል የት ከፍታ ላይ እንደሚያርፍ ያ ከንፈር ይነግርዎታል። ከወለሉ ሥር ብዙ ጊዜ ቢጫ ፎም ያገኛሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከ20 ጫማ የሚያጥሩ የሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰምጡ ተንሳፋፊ ነገር እንዲኖራቸው አምራቾችን ያስገድዳል፤ ፎሙ የተረጨው ለዚህ ነው። በ40 ዓመት ውስጥ ግን ውሃ ጠጥቶ እንደ ስፖንጅ ከብዶ ሊገኝ ይችላል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ጀልባዎ ለምን እንደ ድሮው እንደማይፈጥን መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል። እርጥቡ ፎም በሙሉ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ግን በአዲስ መተካት አለበት፤ አስቸጋሪ ነው ብሎ ባዶውን መተው የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉም ሰው የሚጠላው ሥራ፣ ግራይንደር ነው። የአሮጌው ስትሪንገር ቅሪት ከቀፎው ላይ ይፋቃል፤ አዲሱ የሚጣበቅበት ቦታ ሁሉ ይላጋል። አቧራው የመስታወት ስብርባሪ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከዚያ የባሰ ያደርጋል። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ የአቧራ ማጣሪያ ያለው የጎማ ጭንብል፣ መነጽርና ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። ከመፋቅዎ በፊት ቦታውን በአሴቶን ይጥረጉት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። የቆየ ሰምና ዘይት ላይ ቢፋቅ ግራይንደሩ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያሸዋል። ከዚያ በቁጥር 40 የብርጭቆ ወረቀት ሻካራ እስኪሆን ይፋቃል። ከብዙ ዓመት በፊት የደረቀ ፖሊስተር ከአዲስ ሬዚን ጋር በኬሚካል አይዋሐድም፤ አዲሱ የሚይዘው በጭረቶቹ ውስጥ ጥርሱን ተክሎ ነው። ጭረት ከሌለ መያዣ የለም።

ሬዚኑን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚደርስ ማድረቂያ ይጠነክራል። ማድረቂያው ፐርኦክሳይድ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ጠብ ካለ ሊያሳውር ይችላል። ኢፖክሲ ውድ ነው፤ ግን ከአሮጌ ፋይበርግላስና ከእንጨት ጋር የሚይዘው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ነው፤ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥገና እኔ ኢፖክሲን እመርጣለሁ። አዲስ ቀፎ ከቅርጽ ማውጫ ሲወጣ ፖሊስተር በፖሊስተር ላይ እርጥቡን ይደረባል፤ እርስዎ ግን የሚሠሩት በደረቀ ነገር ላይ ነው። ኢፖክሲ ሲቀላቀል ልኩ የማይደራደሩበት ነገር ነው፤ ማድረቂያ መጨመር አያፈጥነውም፣ ለስላሳ አድርጎ ያበላሸዋል እንጂ። በጥልቅ ኩባያ ውስጥ ብዙ ከቀላቀሉ ራሱን በራሱ አግሎ ይጨሳል። በሰፊ ትሪ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቀላቅሉ።

አዲሱ ስትሪንገር ከደረቅ ጽድ ነክ ጣውላ ወይም ከባሕር ኮምፖርሳቶ ይቆረጣል። የባሕር ኮምፖርሳቶ ሲባል ሙጫው ውሃ የማይፈታው፣ በንብርብሮቹ መካከል ባዶ ቦታ የሌለው ማለት ነው፤ ቢኤስ 1088 የሚል ምልክት ያለው አስተማማኝ ነው። ሲቆረጥ የአሮጌውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የቀፎውን ኩርባ ይከተል። ከቀፎው ጋር ግን እንጨቱ በቀጥታ አይነካካ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። እንጨቱ ጠርዙን ቀፎው ላይ ከደገፈ ማዕበል ሲመታ ኃይሉ በዚያ ቀጭን መስመር ላይ ያርፍና ቀፎው ከውጭ ይሰነጠቃል። ክፍተቱ በዱቄት ወፍሮ እንደ ስቱኮ በተሠራ ኢፖክሲ ይሞላል።

በዚያው ስቱኮ የስትሪንገሩና የቀፎው ማዕዘን በክብ እንጨት ጫፍ እየተዳበሰ ይከበባል። ይህች ክብ ማዕዘን ጌጥ አይደለችም። የመስታወት ጨርቅ በ90 ዲግሪ ማዕዘን አይታጠፍም፤ ካስገደዱት ከሥሩ አየር ይይዛል፣ አየሩም ነገ የውሃ ጎጆ ይሆናል። ስቱኮው ገና ለስላሳ ሳለ ጨርቁ ይደረብበታል። ክሮቹ በ45 ዲግሪ የተጣሉ ጨርቅ ይምረጡ፤ ሁሉም ክር ማዕዘኑን ተሻግሮ ስለሚሄድ ኃይሉን ሁሉም ይካፈለዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ጠባብ፣ ቀጣዩ ሰፋ፣ የመጨረሻው ከሁሉም የሰፋ ይሁን፤ ጠርዞቹ ደረጃ በደረጃ ሲያልቁ ቀፎው ላይ ድንገተኛ ግትር መስመር አይፈጠርም። ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ሰፋ አድርገው ይብሱና የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ በኢፖክሲ ይቅበሩበት። እንጨቱ ያንን ውሃ ዳግመኛ አያየውም።

ወለሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ኮምፖርሳቶው ተቆርጦ ከተሞከረ በኋላ ስድስቱም ገጹ፣ ከሥሩና ከጠርዙ ጭምር፣ ኢፖክሲ ይቀባል፤ ጠርዙ ሦስት ጊዜ። የሚቀባው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይሁን። ጠዋት ከተቀባ እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ሬዚኑ ላይ አረፋ እየፈጠረ ይወጣል፤ ማታ ግን አየሩ እየተኮማተረ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስባል። የደረቀ ኢፖክሲ ላይ አንዳንዴ የሰም ዓይነት ሽፋን ይታያል። በውሃ ታጥቦ ይወገድ፤ ካልታጠበ ቀጣዩ ንጣፍ አይይዝም።

አሁን ወንበሩ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የተጀመረበት ቦታ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን መጀመሪያ ከብሎኑ በብዙ የሰፋ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ በመሃሉ በብሎኑ ልክ ይበሳል። ብሎኑ ከዚያ በኋላ በኢፖክሲ ዓምድ ውስጥ ነው የሚቆመው፤ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ለአንድ ብሎን ተጨማሪ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ እስኪደርቅ ግን አንድ ቀን ይጠበቃል። ትዕግሥቱ ያለው ሰው ብቻ ነው ወለሉን ዳግም የማይቀይረው።

ይህ ሁሉ ድካም ይገባዋል ወይ? ወለሉ ብቻ ከሆነ፣ አዎ። ወለልና ስትሪንገር ከሆነ፣ ቀፎው ጤነኛ ከሆነና በየሳምንቱ መጨረሻ ለበርካታ ወራት የሚሠሩበት ደረቅ ቦታ ካለ፣ አዎ። የኋላው ግድግዳም ጭምር ሞቶ ሞተሩም ካረጀ ግን የእንጨትና የሬዚን ወጪው ብቻ ከጀልባው ዋጋ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጤነኛ ጀልባ ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሆነው በርካሽ የሚሸጥ አሮጌ ጀልባ ያገኙ አንባቢም ቢሆኑ፣ ከመክፈልዎ በፊት ወለሉን ያንኳኩ፤ ሻጩ ስትሪንገሩን ለመብሳት ካልፈቀደ ይመለሱ።

ጀልባው ተጠግኖ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ ደግሞ አፍንጫውን ከፍ አድርገው ያቁሙት፣ የኋላውን ውታፍ ይንቀሉት፣ መሸፈኛው ውሃ እንዳያቁር መሃሉን በእንጨት ይደግፉት። ውታፉን ከመሪው ጋር በገመድ ይሰሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጀልባው ውሃ ከመግባቱ በፊት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።